ቁጥር አንድ ላይ ለተቀመጡት ለኦሞርዛክ አታ

ለተከበሩ፣ በዕድሜም በጢም ንጣትም ለሚበልጡን፣ የወንዝ ዳሩ ሕንፃ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ለአባታችን ለኦሞርዛክ አታ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ ከደረጃው ጋር እንዴት ሰነበተ? ወገብዎስ? ኮችኮር መንደር ከወንድምዎ ዘንድ ያሉት በጎች ክረምቱን በሰላም ወጡት? የናሪን ወንዝ ንፋስ በመስኮትዎ ስንጥቅ እየገባ አላስቸገረዎትም? እኛን የጠየቁን እንደሆነ፣ አላህ ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። ከምድር ቤት እስከ አምስተኛ ፎቅ አንዳችን ከአንዳችን ጋር ተገናኝተናል። ከሌላው ዓለም ጋር ብቻ ነው ያልተገናኘነው።

ይህን ደብዳቤ በመግቢያችን ሰሌዳ ላይ፣ ከውሃ ሒሳቡ ማስታወቂያ ጎን የለጠፍኩት እኔ ዛሪልቤክ ነኝ፤ የእሼንኩል አማች፣ የሳይራ ባል። ሚስቱን ይዞ እንደመውጣት የሚስቱ አባት ቤት የገባ ወንድ በግብዣ ላይ የት እንደሚቀመጥ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ከበሩ ሥር፣ ጫማው ከተከመረበት ወዲህ። ቅሬታ የለኝም። ከበሩ ሥር የሚቀመጥ ሰው ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ብርዱ በየት በኩል እንደሚመጣ ያያል። የማየው ነገር ስለበዛብኝ ነው የምጽፈው። (ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ቀድጄ ነው የጻፍኩት። ይህን ለምን እንደነገርኩዎ አላውቅም።)

ጉዳዩ ኢንተርኔቱ ነው።

አንደኛ፤ ምስጋና።

የኩባንያው ሰው ገመዱን ተሸክሞ የመጣ ዕለት የሕንፃውን ሽማግሌዎች ቤትዎ ሰብስበው፣ ሻይና ቦርሶክ የሚባለውን የተጠበሰ ሊጥ አቅርበው፣ ማን የትኛውን ቁጥር መያዝ እንደሚገባው ስለወሰኑልን ከልብ እናመሰግናለን። ያ ምስኪን ሰው እያንዳንዱ ኮምፒውተር በኔትወርኩ ላይ የራሱ ቁጥር እንደሚያስፈልገው፣ ቁጥሩን ግን ደረጃው ላይ የሚሰቀለው ሳጥን ራሱ ቀድሞ ለመጣ እያስቀደመ እንደሚያድል ሊያስረዳ ሲሞክር ያሉትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«ቀድሞ ለመጣ? የአውቶቡስ ወረፋ ነው እንዴ ልጄ? ነገ የእሼንኩል የልጅ ልጅ በጠዋት ተነሥቶ ማሽኑን ስለከፈተ ብቻ ከእኔ በላይ ሊቀመጥ ነው? ሳጥን ሰው አያስቀምጥም። ሰው ነው ሰው የሚያስቀምጥ።»

ሰውየው በደንብ ያደገ ልጅ ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እሺ አታ» አለና ሳጥኑ ቁጥር ማደሉን እንዲተው አደረገው። ከዚያ ቁጥሮቹ እንደ በግ ብልት ተከፋፈሉ፤ ለእያንዳንዱ እንደ ዕድሜው፣ እንደ ክብሩ። ቁጥር አንድ ለእርስዎ። ሁለት ለአማቴ ለእሼንኩል። ሦስት ለእትዬ ቡሩልቻ። እንዲህ እያለ ክፍሉን ዞሮ ዞሮ የመጨረሻው ቁጥር እኔ ጋ ደረሰ፤ አጥንቱ ብቻ ሲቀር እንደሚደርሰኝ።

ሰውየው ሊወጣ ጫማውን ሲያስር አጠገቤ ነበር። «አንደኛውን ቁጥር እንኳ…» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ እርስዎ አየ። እርስዎ ለሽማግሌዎቹ ስለ አንድ የጠፋ ፈረስ ያወሩ ነበር። «ለነገሩ አታ ኮምፒውተር የላቸውም አይደል?» አለኝ። የላቸውም አልኩት። በረጅሙ ተነፈሰ፣ ማሰሪያውን ቋጠረ፣ ሄደ።

አንድ ዓመት ያህል ሁሉም ሰላም ነበር። የክብር ቦታዎ ባዶውን ይጠብቅዎ ነበር። አንዳንዴ አስባለሁ፤ ባዶ ሆኖ የሚጠብቅ የክብር ቦታ ያህል ለሰው ሰላም የሚሰጥ ነገር ይኖር ይሆን? ማንም አይነካው፣ ማንንም አይነካ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወደ ጉዳዩ።

ሁለተኛ፤ እንኳን ደስ አለዎት።

በጸደይ መጀመሪያ የልጅ ልጅዎ ባያስታን ከያኩትስክ፣ ከማዕድን ሥራው፣ ላፕቶፕ ላከልዎት። ሚስቱ ቤጋይም እዚያው ልትወልድ ተቃርባ ነበርና የሚወለደውን ልጅ ፊት በስክሪኑ አይተው ስም እንዲያወጡለት ነበር ሐሳቡ። ዕቃው ሲከፈት ሕንፃው በሙሉ ተገኝቷል። ላፕቶፑን የት ነው ያኖሩት? በቶሩ፤ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ብርድ ልብሱ በተደረደረበት ሰንዱቅ ሥር፣ የከበረ እንግዳ በሚቀመጥበት። ጥልፍ ጨርቅ አለበሱት። አማቴ መነጽሩን አድርጎ፣ አንድ ጣቱን እንደ ሰንደቅ ቀጥ አድርጎ፣ ቁጥር አንድን አስገባልዎ። አጨበጨብን።

በዚያው ቅጽበት የሕንፃው ኢንተርኔት ጠፋ።

ማንም አንዱን ከሌላው አላያያዘውም። ማን ያያይዘዋል? በየኮምፒውተራችን ታች በቀኝ ጥግ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ወጣ። ተገናኝቷል ይላል። ኢንተርኔት የለም ይላል። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። ገመድ ነቀልን፣ ሰካን፤ ነቀልን፣ ሰካን። ገመድ ተዋዋስን። ሳጥኑን አጥፍተን አበራነው። እትዬ ቡሩልቻ ኮምፒውተሯን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፤ «ከተራራው ማዶ ሲመጣ መንገድ እንዳይረዝምበት» ብላ። አማቴ የእኛን ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ አስጠርጎ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ አስጫነው፤ የሠርጋችን ፎቶዎች አብረው ተጠረጉ። ሳይራ እስካሁን ለአባቷ ሻይ ስትቀዳ ስኳሩን ትረሳለች። ኩባንያው ሲደወልለት «እኛ ጋ ችግር የለም፣ ሳጥናችሁም ደህና ነው» አለ። እውነቱን ነበር።

እርስ በርሳችን ግን በደንብ እንተያያለን። እትዬ ቡሩልቻ የልጇን ሠርግ ቪዲዮ ለሁሉም እንዲከፈት አድርጋ አስቀምጣው ስለነበር፣ ሌላ የሚታይም ስላልነበረ፣ ሕንፃው በሙሉ ደግሞ ደጋግሞ አየው። ደረጃው ላይ ሠርጉ ትናንት የተሠረገ ይመስል ነበር።

«ያቺ የሙሽራው አክስት ሥጋውን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አይታችኋታል?»

«ኧረ ሁለቴ ነው! የመጀመሪያውን መልሰሽ እዪው፣ ከኬኩ በፊት።»

«ውይ ጉድ፤ እኔ እኮ ያን ጊዜ ሥጋ ያነሰው በእኔ ስንፍና ነው ብዬ ስብሰለሰል ነው የኖርኩት!» አለች እትዬ ቡሩልቻ።

ቤት ከራሱ ጋር ብቻ ሲገናኝ እንዲህ ይሆናል መሰለኝ። ያለፈውን ያመነዥካል። እኔም አመነዠክሁ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ሳላደርግ የጎረቤቶቼን ፎቶዎች፣ ዘፈኖች፣ የልጆቻቸውን የቤት ሥራ አየሁ፤ ሁሉም ክፍት ነበር። ወደ ውጭ ግን አንዲት ቃል አታልፍም።

ሦስተኛው ቅሬታ ስለ ደረጃው አምፖል ነበር። ሰርዤዋለሁ። ጊዜው አይደለም።

አራተኛ፤ በግቢው ስለተደረገው ስብሰባ።

አንድ ጠዋት ላፕቶፕዎ ላይ መልእክት ወጣ፤ በዚህ ኔትወርክ ላይ የእርስዎን ቁጥር የያዘ ሌላ አለ የሚል። እርስዎም ካፖርትዎን ለብሰው፣ ነጩን የካልፓክ ቆብ ደፍተው፣ ወደ ግቢው ወርደው ሁላችንንም አስጠሩን። ልብስ የምታሰጣዋ ከነልብሷ፣ መኪናው ሥር የተኛው ከነዘይቱ መጣ።

«ማነው በቦታዬ የተቀመጠው?» አሉ።

ልብስ የምታሰጣዋ ገንዳዋን መሬት አስቀመጠች።

«እኔ ገና አልሞትኩም። ስሞት ትካፈሉታላችሁ። ማነው?»

«በልጆቼ እምላለሁ፣ እኔ ሦስት ነኝ!» አለች እትዬ ቡሩልቻ። «ሦስት ተብዬ ሦስት ላይ ነው ያለሁት፤ ንቅንቅ አላልኩም!»

አማቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ሁለት መሆኑን አስመዘገበ። ከዚያ ዓይንዎ እየዞረ እኔ ላይ አረፈ። «አንተስ?» አሉኝ። «እኔ የመጨረሻው ነኝ አታ» አልኩ። ሰው ሳቀ። እርስዎም ሳቁ፤ ያን ዕለት የሳቁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ በእኔ በመሆኑ ደስ ብሎኛል።

ሁሉም ሲበተን ጥያቄዎ ግን እኔ ላይ ቀረ። እንዲህ ያለ ጥያቄ እኔ ላይ ይቀራል፤ ተፈጥሮዬ ነው። ማነው በቦታቸው የተቀመጠው? ሁሉም ምሏል። ሁሉም እውነቱን ነው። ታዲያ ያልማለ ማን አለ? ወደ ደረጃው ስገባ ቀና አልኩ። ከመግቢያው በር በላይ ያ ሳጥን አረንጓዴ መብራቱን ያርገበግባል። ማንም አልጠየቀውም። ወንበር አምጥቼ ወጣሁና ከሆዱ ሥር የተለጠፈችውን ወረቀት አነበብኩ።

ቁጥሩ አንድ ነው።

ነገሩን በቀላሉ ላስረዳዎ። ከዚህ ሕንፃ ወጥቶ ወደ ዓለም የሚሄድ ነገር ሁሉ በዚያ ሳጥን በኩል ያልፋል። ኮምፒውተሮቻችን ሁሉ «መውጫችሁ ቁጥር አንድ ነው» ተብለው ነው የተሠሩልን። አሁን ግን ቁጥር አንድን የያዙት ሁለት ሆነዋል፤ አንዱ ሳጥኑ ነው፣ አንዱ እርስዎ ነዎት። ገመዱ ላይ የሚሄደው ነገርም ያደገው እዚሁ ሳይሆን አይቀርም፤ ከሳጥንና ከሽማግሌ ሲመርጥ ወደ ሽማግሌው ይሄዳል። የሳይራ የሥራ ማመልከቻ፣ አማቴ የሚጠይቀው የእግር ኳስ ውጤት፣ እትዬ ቡሩልቻ ለቢሽኬክ ነጋዴ የምትልከው የሱፍ ምንጣፍ ፎቶ፣ ሁሉም ቤትዎ ይመጣል። ጥልፍ ጨርቁ ሥር ገብቶ ይቀመጣል። እርስዎም ወዴት እንደሚሸኙት አያውቁም። እዚያው ያድራል፤ የመጣ እንግዳ ማስወጣትም ልማድዎ አይደለም።

አምስተኛ፤ ስለ ግብዣዎቹ። (ይህ ምስጋና ይሁን ይቅርታ ገና አልወሰንኩም።)

መጀመሪያ ለአማቴ ነገርኩት። «ጤና የለህም እንዴ አንተ ልጅ?» አለኝ። «እኔ ልሂድና 'አታ፣ ከቦታዎ ይነሡ' ልበላቸው? እኔ? አንተ ከበር ሥር ተቀምጠህ ስለ ቶር አታስተምረኝ።» ለእትዬ ቡሩልቻ ነገርኳት። ሁለት እጇን አነሣች። «ኧረ እኔን አትየኝ! ባሌን ያስቀበሩልኝ እሳቸው ናቸው። አንተው ራስህ በላቸው፤ አንተ ምን ታጣለህ? ከበሩ ወዲያ እንደሆነ መንገድ ነው ያለው።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ከእርስዎ በስተቀር ሕንፃው በሙሉ ሰማ። ማንም አልተናገረም። ይልቅ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ እርስዎ ከቤት ሲወጡ እሳት እንዳይነሣ ብለው ላፕቶፑን ያጠፋሉ። ሲያጠፉት ኢንተርኔቱ ይመለሳል።

ይህ ከታወቀ ወዲህ ስንት ቤት እንደተጋበዙ ያስታውሳሉ? የቤሽባርማኩ ሥጋ፣ ኩሚስ የሚባለው የፈረስ ወተት፣ በየቤቱ ለክብርዎ የቀረበው የበግ ጭንቅላት። ያለ ልደት፣ ያለ ሠርግ፣ ያለ ሐዘን። የሁለተኛ ፎቆቹ «እንዲያው አታን ናፍቀን» ብለው አርደዋል። ለአማቴ «ሕዝቡ ምን ነካው፣ ደግ ሆኗል» እንዳሉት ሰምቻለሁ። አማቴም ሌላ ሻይ ቀዳልዎ። እኔም ከበሩ ሥር ሆኜ አየሁ፤ እርስዎ የበጉን ጆሮ ቆርጠው ለልጆቹ ሲያድሉ፣ የቤቱ ጌታ በጓዳው በኩል ሹልክ እያለ ደብዳቤውን ይልካል። «ይጨምሩ አታ፣ ቀስ ብለው ይብሉ» የሚለው ቃል በዚህ ሕንፃ ከልብ ሲባል እንደ ዘንድሮ ሰምቼ አላውቅም። የጠፋውን ፈረስ ታሪክ እንደገና እንዲነግሩን የለመንዎ የሳይራ ማመልከቻ ገና እየሄደ ስለነበር ነው። ታሪኩ ግን ጥሩ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ፈረሱ ፈጥኗል።

በዚህ መንገድ ዕድሜ ልካችንን መኖር እንችል ነበር። በግም አይጠፋም። አንድ ነገር ባይኖር።

ስድስተኛ፤ ያ አንድ ነገር።

(ከዚህ በታች መሳለቄን መቀነስ አለብኝ። ከቻልኩ።)

የባያስታን ልጅ ተወልዳለች። ሴት ናት። በስልክ ድምፅዋን አሰሙዎት፤ አለቀሰችልዎ። ባያስታን «አታ፣ ስም ያውጡላት» ቢልዎ «በድምፅ ስም አይወጣም፤ ግንባሯን ልይ» አሉት። ፎቶ በፖስታ ልላክ ቢል፣ የማይንቀሳቀስ ፊት የሞተ ሰው ፊት ነው አሉ። ትክክል ነዎት፤ እኔም ፎቶ አልወድም። እትዬ ቡሩልቻ ቤቷ ተጋብዘው ሳሉ አላስቻላትምና «ታዲያ በእኔ ኮምፒውተር እንያት አታ፤ አሁን እኮ ይሠራል» አለች፤ ከዚያ ምላሷን ነከሰች። እርስዎ ግን አላስተዋሉም። «ልጅ በሰው ቤት አይሰየምም» አሉ። «በራሴ ጣሪያ ሥር፣ በራሴ ቶር ነው።» ተነሡና ለመጀመሪያ ጊዜ ሥጋውን ሳይጨርሱ ወጡ፤ ምናልባት አሁን ትደውል ይሆናል ብለው ነበር።

ስለዚህ ቤትዎ ይገባሉ። ጨርቁን ያነሣሉ። ይከፍቱታል። ካልፓኩን ደፍተው ከፊቱ ይቀመጣሉ። እኔ ይህን የማውቀው ሕንፃው ግቢው ላይ ታጥፎ መስኮቶቻችን ፊት ለፊት ስለሆኑ ነው፤ ማየቴን ይቅር ይበሉኝ። ባያስታን ከዚያ ማዶ ይደውላል፤ እርስዎ ከዚህ ማዶ ይጠብቃሉ። በከፈቱት ቁጥር መንገዱ ይዘጋል። በዘጉት ቁጥር ይከፈታል። ከልጅቷና ከእርስዎ መሃል የቆመ ሌላ ማንም የለም፤ እርስዎ ራስዎ ነዎት። እርስዎ ግን ጥፋቱን በእኛ ላይ አድርገው «የዚህ ሕንፃ ሰው ገመድ እንኳ መያዝ አይችልም» ይላሉ፤ እኛም አንገታችንን ደፍተን «እውነትዎ ነው» እንላለን።

ልጅቷ ስም የላትም። ቤጋይም «ሚጢጢ» እያለች ትጠራታለች። ሐኪሙ ካርዷ ላይ የእናቷን ስም ብቻ ጽፎ ትቶታል።

ሌላም አለ። ይህን በአደባባይ ባልጽፈው ይሻል ነበር፤ ግን ሁሉም አይቶታል። ባለፈው እኛ ቤት ሳሉ ስኒውን ከጠረጴዛው ጠርዝ አሳልፈው አየር ላይ አስቀመጡት። ሳይራ ቀለበችው። እርስዎም ፈገግ ብለው «ጭጋግ ነው፤ ከወንዙ የሚመጣ» አሉ። መስኮቱ ዝግ ነበር፤ ቀኑም ብራ። ሻይ ተቀዳ፣ ወሬ ተቀየረ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ከተናገርነው ይልቅ ዝም ስንለው ያስፈራኛል። ያ ጭጋግ እየወፈረ ነው አታ። ግንባሯን የሚያዩበት ጊዜ እኛ በግ እያረድን የምናባክነው ጊዜ አይደለም።

ሰባተኛ፤ ልመና።

ሳጥኑን ማንሣት ቢቻል ሳጥኑን እናነሣ ነበር። ኩባንያውን ጠይቄያለሁ፤ የሳጥኑ ቁጥር የተቆለፈ ነው፣ አይለወጥም ብለውኛል። እርስዎ ግብዣ ላይ ሳሉ ቤትዎ ገብቼ፣ ቁልፉ ከየትኛው የአበባ ማስቀመጫ ሥር እንዳለ ሕንፃው ያውቃልና፣ ቁጥርዎን ቀይሬ መውጣትም እችል ነበር። የፈላ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አይፈጅም። «ሳያውቁ ቁጥሩ ይለወጥ፣ ማን ይነግራቸዋል?» ብለው የመከሩኝ አሉ፤ ስማቸውን አልጽፍም፣ የያዙት ቁጥር ግን ትንሽ ነው። አላደረግኩትም። ሰውን ሳያውቅ ከተቀመጠበት ማንሣት ክብሩን መጠበቅ አይደለም፤ እንደሌለ መቁጠር ነው። ቁጥሩ የተሰጠዎ በሰው ፊት ነው። ሲለወጥም በሰው ፊት መሆን አለበት። በአደባባይ የምጽፈው ለዚህ ነው፤ ቆይቶ ማንም «ዝቅ ተደረጉ» እንዳይል።

ዝቅ ማለት የለበትምና። አንድ ጊዜ ብቻ ከበሩ ሥር ሆኜ ላስተምርዎ ይፍቀዱልኝ።

ቶር ምንድን ነው? የመጀመሪያው ቦታ ነው? አይደለም። ቶር ከበሩ እጅግ የራቀው ቦታ ነው። እንግዳ ሲመጣ ከበሩ እያራቅነው፣ እያራቅነው፣ ግድግዳው እስኪያግደን ወደ ውስጥ እናስገባዋለን፤ ብርድ እንዳይነካው፣ ወጪ ገቢው እንዳይረግጠው። በዚህ ኔትወርክ በሩ ማነው? ቁጥር አንድ። እኛ ታዲያ ምን አደረግን? ከአክብሮታችን ብዛት አባታችንን ወስደን ደጃፉ ላይ አስቀመጥናቸው፤ ለመውጣት በጉልበታቸው ላይ መራመድ ሆነብን። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። አንድ ሲባል ከላይ ይመስላል፤ ለሁላችንም መስሎን ነበር።

ከበሩ እጅግ የራቀው ቁጥር ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ነው። ከዚያ ወዲያ ለሰው የሚሰጥ ቁጥር የለም፤ ግድግዳው ነው። ቶሩ ያ ነው። ባዶ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእርስዎ ነበር።

(አማቴ ይህን ሲያነብ ቁጥር ሁለት መሆኑን አስታውሶ እንዳይደነግጥ። አዎ፤ የጫማው ክምር ላይ ነው የተቀመጠው። እኔም የመጨረሻውን ቁጥር ይዤ አንድ ዓመት ሙሉ ከሁላችሁም በላይ ተቀምጬ ነበር ማለት ነው። ለማንም አልተናገርኩም። እውነቱን ለመናገር ቦታው ያን ያህል አይሞቅም።)

ስለዚህ ነገ፣ ረቡዕ፣ ከቀትር ሶላት በኋላ ፈቃድዎ ከሆነ በርዎን አንኳኳለሁ። ጎረቤቶች ከኋላዬ ይሆናሉ፤ ግማሾቹ ከልብ፣ ግማሾቹ ወሬው እንዳያመልጣቸው። እኔ አልነካውም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ አሳይዎታለሁ፣ እርስዎ በገዛ ጣትዎ ይጻፉታል። ፊደሉ ቢደበዝዝብዎ ሳይራ ታነብልዎታለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ ሁላችንም ወጥተን በሩን እንዘጋለን። ስም የሚወጣው በቤተሰብ መሃል ነው።

ለሰጡን ቁጥር፣ ለበላንልዎና ለበሉልን በግ ሁሉ፣ ለፈረሱ ታሪክ፣ በግቢው ስለሳቁብኝም ጭምር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አላህ ጉልበትዎን ያበርታው፣ ጭጋጉን ይግፈፈው፤ ጢምዎን ገና ብዙ ሕፃናት የሚጎትቱት ያድርገው።

ከትሕትና ጋር፣ ጫማውን አውልቆ፣
ዛሪልቤክ
የእሼንኩል አማች፣ የመጨረሻው ቁጥር

ማስታወሻ፦ ይህን እየለጠፍኩ ሳለ እርስዎ አራተኛ ፎቅ ተጋብዘዋል፤ ስለዚህ ኢንተርኔቱ መጥቶ ከባያስታን አንድ መልእክት ደረሰኝ። የቤጋይም እናት መጠበቅ ሰልችቷቸው ልጅቷን ሊያስመዘግቡ ለሐሙስ እዚያው ካለው የልደት መዝገብ ቤት ቀጠሮ ይዘዋል። ስምም መርጠዋል፤ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከሚያዩት የባሕር ማዶ ድራማ ነው ያገኙት። ባያስታን ስሙን ጽፎልኛል። እዚህ አልጽፈውም፤ ይህን ሰሌዳ ልጆች ያነቡታል፣ የልጅ ልጅዎ ልጅ ደግሞ ገና መዳህ ሳትጀምር እንዲስቁባት አልፈልግም። ሥጋዎን ተረጋግተው ይብሉ። ግን ያስታውሱ አታ፤ ያኩትስክ ውስጥ ሐሙስ ከእኛ ቀድሞ ነው የሚነጋው።